ከአንድ ቅል

መጀመሪያ ያየሁት ከማንጎው ዛፍ ሥር ሞተር ሳይክሉን ተደግፎ ቆሞ ነው። ረጅም ነው፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎታል። የመንደሩ ሽማግሌዎች «መንገድ የሚመራሽ መምህሩ ነው፤ ኦቺቲ ይባላል» ብለውኝ ነበር። እንዲህ ያለ ዓይን እንዳለው ግን ማንም አልነገረኝም።

እጄን ዘረጋሁለት።

«ፒሎያ እባላለሁ። ከካምፓላ ነው የመጣሁት፤ ግን አባቴ የዚህ አገር ሰው ነው። ኦጄራ ይባላል።»

ሊጨብጠኝ የዘረጋው እጁ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ጨበጠኝና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ዓይን አፋር ነው ብዬ በልቤ ሳቅሁ። ከቦርሳዬ የተቆላ ኦቾሎኒ አውጥቼ ዘገንኩለት።

«ያዝ፣ መንገዱ ሩቅ ነው አሉ።»

«ጠግቤያለሁ።»

«በጠዋቱ?»

«በጠዋቱ።»

ኩም አልኩ። ኦቾሎኒዬን እንደጨበጥኩ ቀረሁ። ምን ዓይነት ኩራተኛ ነው፣ የከተማ ሴት እጅ ይጠየፋል እንዴ እያልኩ ተሳፈርኩ። የናቀኝን ሰው ደግሞ ቶሎ የምረሳ አይደለሁም።

ሥራዬ እርቅ ማጥናት ነው። በዳይና ተበዳይ እንዴት እንደሚታረቁ እየዞርኩ እጠይቃለሁ፣ እቀርጻለሁ፣ እጽፋለሁ። ሩዋንዳ ሄጄ ሣር ላይ ተቀምጠው ከተፋረዱ ጎረቤቶች ጋር አውርቻለሁ። ኒውዚላንድ ድረስ ሄጄ የሁለት ወገን ቤተሰብ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲላቀስ አይቻለሁ። በመጨረሻ የራሳችንን የአቾሊ ሕዝብን እርቅ ልጽፍ ወደ ሰሜን ኡጋንዳ፣ ወደ ኪትጉም መጣሁ። እኛ ዘንድ ሰው የገደለ ሰው በገዛ አንደበቱ ያምናል፣ ጎሳው ካሳ ይከፍላል፣ ከዚያ ሁለቱ ወገኖች ተንበርክከው መራራ ሥር የተበጠበጠበትን መጠጥ ከአንድ ቅል ይጠጣሉ። እስከዚያ ድረስ ሁለቱ ቤቶች አብረው አይበሉም፤ ውሃ እንኳን አይቀባበሉም። ይህን ሁሉ ለፈረንጆች ሳይቀር አስረድቻለሁ።

ሰዎቹ ስለ ሌላው ነገር በደስታ ያጫውቱኛል። «እዚህ መንደር ሳይታረቅ የቀረ ደም አለ?» ስላቸው ግን አንገታቸውን ይደፋሉ። አንዲት ባልቴት «ፍየሌ ተፈታች» ብለው ከጨዋታው መሃል ተነስተው ሄዱ።

«ፍየል አላቸው?» አልኩት ኦቺቲን።

«የላቸውም» አለኝ።

እኔም «ስለ ደም ማውራት ይፈራሉ» ብዬ ጻፍኩ።

ዝናብ የጣለ ቀን ሞተሩ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ስንገፋ ወድቄ እስከ ፀጉሬ ጨቀየሁ። ኦቺቲ ላለመሳቅ ከንፈሩን ነከሰ፤ አልቻለም። ያን ሳቁን ስሰማ ቂሜ ሁሉ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት የሞተሩን ድምፅ ስሰማ ልቤ ቀድሞኝ በር ላይ ይቆማል። እሱም አቾሊኛዬን እያረመ ያሾፍብኛል።

«እንደ ሬዲዮ ነው የምታወሪው።»

«ታዲያ ዝጋኛ።»

«ባትሪው እስኪያልቅ ልስማ ብዬ ነው።»

ግን አንድ ቀን እንኳን ከእጄ ምንም ቀምሶ አያውቅም። ማንጎ ስልጥ «አልወድም» ይላል፤ በማግስቱ ብቻውን ሲበላ አየዋለሁ። በመጨረሻ ሆዴ ባባ።

«ኦቺቲ፣ ትወደኛለህ?»

«እወድሻለሁ» አለኝ ሳያመነታ።

«ታዲያ ለምን ውሃ እንኳን ከእጄ አትጠጣም? ለምን እናትህ ጋ አትወስደኝም?»

«ፒሎያ... እሱን ተይው።»

«ሚስት አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ታፍርብኛለህ።»

ዝም አለ። ዝምታውን አዎ ማለቱ ነው ብዬ ወሰድኩት። እልኸኛ ነኝ። በማግስቱ ጎመን በኦቾሎኒ ሠርቼ፣ ድስቱን አቅፌ፣ ሳልጠራ እናቱ ቤት ሄድኩ።

እማማ አቺሮ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ደጃፋቸው ላይ ማሽላ ያነፍሳሉ። በፈገግታ ተነስተው ድስቱን ተቀበሉኝ። ምንጣፍ አነጠፉልኝ።

«የማን ልጅ ነሽ የኔ ልጅ?»

«የኦጄራ።»

ሰፌዳቸውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። ድስቱ መሃላችን ተቀምጧል፤ ማንም አልነካውም። ምን እንዳጠፋሁ ባላውቅም ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። ያኔ ኦቺቲ ከትምህርት ቤት መጣ። ድስቱን አየ፤ እኔን አየ። ምንም ሳይናገር እጁን ታጠበና ተንበርክኮ ጣቶቹን ወደ ጎመኑ ሰደደ።

እናቱ እጁን በጥፊ መቱት።

«የአባትህን ደም ልትበላ ነው?»

እንዴት ከዚያ ግቢ እንደወጣሁ አላውቅም። ኦቺቲ መንገድ ላይ ደረሰብኝ።

«አባቴን ማን እንደገደለው» አለኝ፣ «አልሰማሽም ማለት ነው።»

«ማን?»

«አባትሽ። እኔ ገና ጡት ሳልጥል ነው። ኦዶክ ይባል ነበር። አባትሽ የዚያኑ ዕለት ጠፋ፤ መጥቶ አላመነም። ይኸው እስከ ዛሬ ይጠበቃል።»

«ከመጀመሪያው ቀን ታውቅ ነበር?»

«ስሙን ስትጠሪ። የዚያ ሰው ልጅ ምን እንደምትመስል ልይ፣ አይቼ ልጥላት ብዬ ነው የመራሁሽ። አልሆነልኝም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ይንገርሽ? ሁሉም አፈረልሽ።»

ባልቴቷ፣ የሌለችው ፍየላቸው፣ የተደፋው አንገት ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። ያፈሩት ለእኔ ነው። መቅረጫ ይዤ በሰው ቁስል ዙሪያ ስመላለስ፣ ቁስሉ የቤቴ እንደሆነ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባቴ ካምፓላ ውስጥ የተከበረ ሰው ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች ሲካሰሱ ወደ እሱ ነው የሚመጡት። ስደርስም ሁለት ጎረቤቶችን አስታርቆ ይሸኝ ነበር።

«አባዬ፣ ኦዶክ ማነው?»

የወንበሩን መደገፊያ ያዘ። «ማን ነገረሽ?»

«ልጁ። ሌላው ሁሉ እያወቀ ለእኔ ሲል ዝም አለ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «የከብት ውሃ ተራ ላይ ተጣላን። በዱላ አንዴ ነው የመታሁት... ልጅ ነበርኩ። ከዚያ አገራችን ላይ ጦርነት መጣ። ያን ሁሉ ሰው ሲጨርስ፣ የገደልኳት አንዲት ነፍስ ከመሃል ትጠፋለች ብዬ...»

«አልጠፋችም።»

«በዚህ ዕድሜዬ ሰው ፊት ተንበርክኬ ልዋረድ? አላደርገውም ፒሎያ። ስሞት ሬሳዬን ውሰጂላቸው።»

ብቻዬን ተመለስኩ። ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ «በአባቴ ፋንታ እኔ ልንበርከክ» አልኳቸው። ትልቁ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ጥፋት በውክልና አይታመንም።»

ኦቺቲን ልሰናበተው ሄድኩ።

«ሌላ ሴት አግባ» አልኩት።

«ሌላ ሴት እንደ ሬዲዮ አታወራም።»

ልንስቅ ሞክረን ሁለታችንም አለቀስን። እንባዬን እንኳን ሊጠርግልኝ እጁን አንስቶ መልሶ አወረደው። አውቶብስ እየጠበቅሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። አባቴ ነው። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል።

«ፒሎያ... ሰው ላስታርቅ ተቀምጬ ‹እመን› ማለት አቃተኝ። ወደ ኪትጉም የሚሄደው አውቶብስ ከየት ነው የሚነሳው? ጠፋኝ።»

አንድ ሻንጣ ይዞ መጣ። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ አመነ፤ ጎሳችንም ካሳውን ሰጠ። የእርቁ ዕለት ለሥርዓቱ በግና ፍየል ከታረዱ በኋላ አባቴና እማማ አቺሮ ቅሉ ፊት ተንበረከኩ። ከቅሉ ከመጎንጨታቸው በፊት እማማ እጃቸውን አነሱ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባሌ ሲሞት ምን አለ? ይህን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።»

አባቴ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

«ውሃ አለኝ።»

«ሰጠኸው?»

«ባልዲው እጄ ላይ ነበር። ፈርቼ... ጥዬው ሮጥኩ።»

እኔ ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። በዚያች ሰዓት የእሱ ልጅ መሆኔን ጠላሁ፤ እዚያው ደግሞ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሳይ ሄጄ ባቀፍኩት አልኩ። እማማ አቺሮ ለረጅም ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ጎንበስ አሉ። አባቴም ጎንበስ አለ። ከአንዱ ቅል ጠጡ፤ መራራው ሁለቱንም ፊታቸውን አስጨማደዳቸው።

እማማ አፋቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ውሃ አምጪልኝ።»

አመጣሁላቸው። ግማሹን ጠጡና የቀረውን ለአባቴ ዘረጉለት።

«ጠጣ» አሉት።

አባቴ ተቀበለ። እያለቀሰ ጠጣ፤ አብዛኛው ደረቱ ላይ ፈሰሰ። እኔ እንደገና ቀድቼ ለኦቺቲ ሰጠሁት። ሳይተነፍስ ጨለጠው።

«ሌላ አለ?» አለኝ።

«ጠማህ?»

«ኦቾሎኒውን ከዘገንሽልኝ ቀን ጀምሮ።»

ተጋባን። የመጀመሪያ ልጃችንን ስም ያወጡት እማማ አቺሮ ናቸው፤ ኦዶክ ይባላል። እኛው ጋ የቀረው አባቴ አሁንም በመንደሩ ሲያልፍ አንገቱን ደፍቶ ነው፤ ማንም ቀና በል አላለውም፣ ማንም ሂድልን አላለውም። ልጃችን «ውሃ» ባለ ቁጥር ግን ከሁላችን ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው።