ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ

ከዚህ ታሪክ አንዲት ቃል ከዋሸሁ ያ የፈረደበት የጥርስ ሕመሜ ይመለስብኝ። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ባቋርጥም፣ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬአለሁና ከብዙ ምሁር በላይ ደወል ሰምቻለሁ።

ሬሳውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። አንደኛ ክፍል ውስጥ፣ ቁምሳጥኑ ሥር፣ ከወደቀች የሕፃን ወንበር አጠገብ። ሟቿን ከቁመቷ ማጠር የተነሳ ድንቢጥ ነበር የምንላት። እዚሁ ክፍል ልጆች ማንበብ እንዴት እንደሚጀምሩ እያጠናች ለዶክትሬት አምስት ዓመት ለፍታለች፤ ፈታኞች ፊት ልትቀርብ የቀራት አራት ቀን ነበር። አስም አፍኗት ሞተች። አፍ ውስጥ የሚረጨው መድኃኒቷ የተገኘው ቁምሳጥኑ አናት ላይ ነው፤ እንኳን እሷ እኔም ተንጠራርቼ አልደርስበትም።

በማግስቱ መርማሪዋ መጣች። ወንበር ላይ ቆማ የቁምሳጥኑን አናት ብዙ አየች። ከዚያ ቀይ እጀታ ያለው ሰንጢ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችና የሟቿን ባል፣ አማካሪዋን ፕሮፌሰርና የክፍሉን መምህርት አስጠራች። ሦስቱም ረጃጅሞች ናቸው።

«ፖሊሶቹ ውጭ የቆሙት እርስዎን ሊወስዱ ነው» አለችው ባልየውን። «ትናንት ከሚስትዎ ጋር ተጣልታችኋል።»

«ኮሪደሩ ላይ። ልጃችን እናቱን ‹ቲቸር› ማለት ጀምሯል አልኳት። ተናድጄ ሄድኩ እንጂ አልነካኋትም።»

«ፕሮፌሰርስ?»

«ምዕራፍ አራትን እንድታርመው ለሰባተኛ ጊዜ መልሼላታለሁ» አለ አማካሪዋ።

«እሱም መግደል ነው» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

«አባባ፣ እርስዎ በርዎን ይጠብቁ» አለችኝ መርማሪዋ።

ባልየው ግን ነገሩን ከአፌ ነጠቀና ፕሮፌሰሩ ላይ ተነሳ። ሁለቱ ሲጯጯሁ የክፍሉ መምህርት እንባዋን እየጠረገች ወዲያ ወዲህ ትል ነበር።

«አንቺስ እህቴ?» አለች መርማሪዋ፣ ጸጥ ሲሉ።

«እሷና ባሏ ኮሪደር ላይ ሲጨቃጨቁ ክፍሉን አስተካክዬ ልጆቹን ይዤ ወጣሁ። ድንቢጥ እኮ ነፍሴ ነበረች።»

መርማሪዋ አንገቷን ነቀነቀች። «ገዳይ ቢሆን መድኃኒቱን ይዞት ይሄድ ነበር። ይህ ግን በሥርዓት ተቀምጧል፣ ከመቀስ፣ ከመርፌ፣ ከልጆች ከተነጠቀ ሚስማር ጎን። እዚያ የሚወጣው ሕፃን እንዳይነካው የሚፈራ ነገር ብቻ ነው። ለመሆኑ ሰንጢዬ የት አለ?»

ጠረጴዛው ባዶ ነው። ሁላችንም ቀና አልን። ቀዩ እጀታ ከቁምሳጥኑ አናት ወጣ ብሎ ይታያል።

«ስታስቀምጪው አይቼሻለሁ» አለች መርማሪዋ በቀስታ። «አንቺ ግን ራስሽን አላየሽም። ትናንትም መድኃኒቷን እዚያ ስታወጪው አላየሽም።»

መምህሯ እጆቿን የሌላ ሰው ይመስል አየቻቸው። «ሃያ ሁለት ዓመት ሳስተምር...» አለች። «ልጆቹ እንዳይነኩት...»

መርማሪዋ ደብተሯን ከፈተች፤ የምትጽፈው ጠፍቷት መልሳ ዘጋችው። ፖሊሶቹ ባልየውን መሄድ ይችላሉ አሉት። አልሄደም። የሕፃን ወንበር ላይ፣ ጉልበቱ አገጩን እየነካው ቁጭ አለ።

በአራተኛው ቀን ፈታኞቹ ጽሑፏን ያለ እሷ አነበቡና ዶክትሬቱን ሰጧት፤ ወረቀቱም ክፍሉ ውስጥ፣ ልጆች በሚደርሱበት ከፍታ ተሰቀለ።

እሺ፣ ይቺን ከራሴ ጨመርኩ። ጸሐፊው ያልቀረበበት ጽሑፍ አይታይም ብለው መልሰውታል፤ ለስምንተኛ ጊዜ። የተሰቀለውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ በተንጋደደ እጄ። ልጆቹ ግን ፊደሉን በጣታቸው እየነኩ ያነቡታል።