የጋሼ ጥያቄ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ

ሽማግሌው የፍልስፍና መምህር የተገኙት ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፈው ነው። ከሩቅ ላያቸው ከተማሪ መልስ የሚጠብቁ ይመስላሉ። ቀረብ ያለ ሰው ግን ከንፈራቸው መጥቆሩን፣ ዓይናቸውም በሩ ላይ እንደተተከለ መቅረቱን ያያል።

ኢንስፔክተሯ አስራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ደረሰች። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። የቆርቆሮው ጣሪያ ስለሚጮህ ሰው እርስ በርሱ ለመሰማማት ድምፁን ከፍ ማድረግ ነበረበት። በመሥሪያ ቤቷ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ስለሆነች ብቻ ሳይሆን የገባችበት ሳይታወቅ ወዲያ ማዶ ስለምትወጣ ነው።

«አስም ነው» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ትንፋሽ አጥሯቸው ነው የሞቱት። ከአስርና ከአስራ አንድ ሰዓት መካከል ይመስለኛል። ፓፋቸው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነበረች፤ ግን ባዶ ናት።»

ትንሿን የአስም መድኃኒት መንፊያ ተቀበለችው። ከጀርባዋ ያለችው የቁጥር መስኮት ዜሮ ታሳያለች።

ከዚያ ክፍሉን ቀስ ብላ ዞረችው። መስኮቶቹ ዝግ ናቸው። ሰሌዳው በሰማያዊ ጠመኔ ተጽፎበት ግማሹ ጠፍቷል። ከጽሑፉ የቀሩት ሁለት መስመሮች ናቸው፤ «ምን አለ?» የሚለውና ከሥሩ «መኖሩን በምን አወቅን?» የሚለው። በሩ ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለች፤ እዚያም ብዙ ቆየች። በውስጥ በኩል ያለው የበሩ እጀታ ዙሪያውን ሰማያዊ ሆኗል። ከእጀታው በታች ሁለት የጣት ዱካዎች ጎን ለጎን እየተንሸራተቱ እስከ ወለሉ ወርደዋል።

ተመልሳ የሟቹን መዳፍ ገለጥ አድርጋ አየች። ሰማያዊ ነው።

«አስከሬኑን ያነቃነቀው ሰው አለ?»

«እኔ ስደርስ እንዲህ ነበሩ» አለ ሐኪሙ።

ኢንስፔክተሯ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ቢሮ ደጃፍ ላይ አራት ሰዎች ይጠብቋት ነበር፤ አንድ በአንድ ወደ ቢሮው አስገባቻቸው። የመጀመሪያው የሎጂክ መምህሩ ነው፤ የሟቹ የቀድሞ ተማሪ፣ ኋላም የሥራ ባልደረባ። አርባ ዓመት አልሞላውም። ሸሚዙ እንዲህ ባለ ቀን እንኳ አልተጨማደደም።

«አብረን አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ስለምንሄድ አስራ አንድ ተኩል ላይ ልጠራቸው ሄድኩ» አለ። «በሩ ተቆልፏል። ብጠራ መልስ የለም። ጸሐፊዋን፣ እትዬን፣ ቁልፍ ይዘው እንዲመጡ ነገርኳቸው። ከፍተን ስንገባ ሞተዋል።»

«ከአስር ሰዓት ጀምሮ የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ። ፈተና እያረምኩ።» ትንሽ አሰበና ቀጠለ። «ኢንስፔክተር፣ ነገሩ እኮ ግልጽ ነው። የበሩ አንድ ቁልፍ ሟቹ ኪስ ውስጥ ተገኝቷል። ሌላው እዚህ ቢሮ ነው፤ እትዬም ቢሮውን ቆልፈው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስለዚህ በሩን ሊቆልፉ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከውስጥ ከቆለፉት ደግሞ ከእሳቸው በቀር ማንም አልነበረም ማለት ነው።»

«ሲናገሩት ደስ ይላል» አለች። «መቆለፉን ማን አየ?»

«እኔ ነኝ። እጀታውን ተጭኜ ገፋሁት፤ እምቢ አለኝ።»

ጸሐፊዋ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው ሴት፣ መሀረባቸውን እያፍተለተሉ ነው የገቡት። በዚያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል።

«ቁልፍ አምጡ ሲለኝ ደነገጥኩ እኮ» አሉ። «ቁልፉ እንኳ አስቸገረኝ።»

«እንዴት አስቸገረዎት?»

«እንደ ወትሮው ወደ ግራ ባዞረው ንቅንቅ አልልም አለ። ወደ ቀኝ ሞከርኩት፤ ዞረልኝ፤ በሩን ብገፋው ግን አይከፈትም። ኋላ መልሼ ወደ ግራ ሳዞረው ተከፈተ። ድንጋጤ ነው መቼስ።»

«ያ ቁልፍ ከዚህ በፊት አስቸግሮዎት ያውቃል?»

«ኧረ አንድ ቀንም!»

«ቁልፉን ከመክተትዎ በፊት በሩን ገፋ አድርገው ሞከሩት?»

«ምን ልሞክረው? ተቆልፏል ተባልኩ አይደል።»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋ ላይ አንድ ቃል ብቻ ጻፈች።

ሦስተኛው የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ጓደኞቹ «ሰማይ» ይሉታል፤ ሲያስብ ወደ ላይ ስለሚያይና የሚያጠናውም ዲበ አካልን፣ ስለ ህላዌ የሚጠይቀውን የፍልስፍና ዘርፍ ስለሆነ። ጠዋት በኮሪደሩ ላይ በሟቹ መምህር ላይ ሲጮህ ግቢው በሙሉ ሰምቶታል። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን አዘጋጅቶ ነበር።

«ምን አልካቸው?»

«ይህ ነገር በእርስዎ ላይ ይድረስ አልኳቸው።» ልጁ አንገቱን ደፋ። «የመመረቂያ ውጤቴን ያዙብኝ። ጽሑፌ ከሌላ ሰው የተቀዳ ይመስላል አሉኝ። የራሴ ነው! ሁለት ዓመት ለፍቼበታለሁ።»

«ከማን ቀዳህ አሉ?»

«አልነገሩኝም። ጥቂት ቀን ስጠኝ ብቻ አሉኝ።»

«ጽሑፉን ከእሳቸው በፊት ያየው ሰው አለ?»

«የሎጂክ መምህራችን። የሁለተኛ ዓመት አማካሪዬ ስለነበሩ የመጀመሪያውን ረቂቅ ለእሳቸው ነው የሰጠኋቸው።»

አራተኛዋ የክፍል ጓደኛው ናት፤ ሥነ ምግባርን የምታጠና፣ ሰው ሲጣላ መሀል ገብታ ስለምትፈርድ «ዳኛዋ» የተባለች። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል፤ ንግግሯ ግን አልተዛነፈም።

«ጋሼ ጥያቄ ነበር የምንላቸው። ፍልስፍናን ለጀማሪ ሲያስተምሩ አምስት ጥያቄ ጽፈው ይጀምራሉ፤ ምን አለ? መኖሩን በምን አወቅን? ከዚህ ምን ይከተላል? ምን እናድርግ? ምን ያምራል? ዲበ አካል፣ ሥነ ዕውቀት፣ ሥነ አመክንዮ፣ ሥነ ምግባር፣ ሥነ ውበት። ዛሬም ለአዲሶቹ ተማሪዎች ይህን ነው ያስተማሩት።»

«ከትምህርት በኋላ ሰሌዳውን ራሳቸው ያጠፋሉ?»

«ሁሌም። ብናኙ አስማቸውን እንደሚያስነሳባቸው እያወቁ። ከዚያ ፓፋቸውን ይስባሉ። ሰኞ ዕለት እሷኑ ምሳሌ አደረጓት። ከፍ አድርገው ያዙና ‹ይቺ ታድነኛለች ብዬ አምናለሁ፤ ግን አውቃለሁ?› አሉ። ሲጫኗት ባዶ ሆና ተገኘች። ሳቅን። ከዚያ ቅርጫት ውስጥ ጣሏት።»

«ማን ማን ነበራችሁ?»

«ሦስት ብቻ። እኔ፣ ሰማይ፣ የሎጂክ መምህሩም ከኋላ ተቀምጠው ነበር።»

በዚያው ምሽት ኢንስፔክተሯ የሟቹን ልጅ አነጋገረች። ፋርማሲስት ናት። ሰኞ ከሥራ ስትወጣ ለአባቷ አዲስ ፓፍ እንደሰጠችው፣ የፋርማሲዋንም ወረቀት ራሷ እንደለጠፈችበት ነገረቻት። «ሁለት መቶ ጊዜ ይነፋል» አለች። «ዛሬ ገና ረቡዕ ነው።» ከዚያ ከአባቷ የጽሕፈት ጠረጴዛ ያገኘችውን ቢጫ ፖስታ ሰጠቻት።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም በዚያው ክፍል ተሰበሰቡ። የሟቹ ወንበር ባዶውን ቆሟል፤ ማንም በዚያ በኩል ለመቀመጥ አልደፈረም። ሰማይ ከሁለት ፖሊሶች መካከል ነው። ኢንስፔክተሯ ከሰሌዳው ፊት ቆመች።

«እኔ ፍልስፍና አልተማርኩም» አለች። «ትናንት ግን ይህን ሰሌዳ ሳነብ ሥራዬን የሚነግረኝ መሰለኝ። በመጀመሪያ፣ ምን አለ? የበሩ የውስጥ እጀታ ላይ ሰማያዊ ጠመኔ አለ። ከሥሩ እስከ ወለል የወረደ የጣት ዱካ አለ። ጋሼ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ፓፋቸውን ሳቡ፤ ባዶ ናት። ወደ በሩ ሄዱ። እጀታውን በሁለት እጃቸው ያዙ። በሩ ሥር ወደቁ። እኛ ያገኘናቸው ግን ወንበር ላይ፣ እጃቸውን አጣጥፈው ነው። የሞተ ሰው ተነስቶ ወንበሩ ላይ አይቀመጥም።»

እትዬ መሀረባቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ስለዚህ ከሞቱ በኋላ ሰው ገብቷል። ‹በሩ ተቆልፎ ነበር› ትሉኛላችሁ። መቆለፉን በምን አወቃችሁ? እትዬ፣ እርስዎ በምን አወቁ?»

«እሱ... ተቆልፏል ስላለኝ።»

«ቁልፉ ወደ ግራ አልዞርም ያለዎት ድንጋጤ ስለያዘዎት አይደለም። የተከፈተ በር እንደገና አይከፈትም። ወደ ቀኝ ያዞሩት ጊዜ ራስዎ ቆለፉት፤ ወደ ግራ ሲመልሱት ራስዎ ከፈቱት። ትናንት ማታ ሰባት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። በሩ አልተቆለፈም ነበር።»

የሎጂክ መምህሩ እግሩን ከእግሩ ላይ አወረደ።

«ከዚህ ምን ይከተላል? እርስዎ ቢነግሩኝ ይሻላል» አለች ወደ እሱ ዞራ። «በሩን ሞከርኩት፣ እምቢ አለኝ ብለዋል። ወይ አልሞከሩትም፤ ወይ ሞክረው ተከፍቶልዎታል። በየትኛውም ብንሄድ ቃልዎ ሐሰት ነው። ትናንት የነገሩኝ ሙግት ስንጥቅ አልነበረበትም፤ የተነሳበት ነገር ነው ውሸት።»

«ተሳስቼ ሊሆን ይችላል» አለ። «በሩ ዝናብ ሲነካው ያብጣል።»

«ያበጠውን በር እትዬ በቁልፍ ከፈቱት? እሺ፤ አብጧል እንበል። ሌላ ጥያቄ አለኝ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ባልተቆለፈ በር ለምን አልወጣም?»

ዳኛዋ ወደ በሩ ዞር ብላ እጀታውን አየች።

«ሰው ከውጭ ይዞባቸው ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ያ ሰው ሰኞ የተጣለችውን ባዶ ፓፍ ከቅርጫት አንስቷል። ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ እርስዎና ጋሼ በምትጋሩት ቢሮ ከተሰቀለው ኮታቸው አዲሷን አውጥቶ ባዶዋን ከቷል። ተማሪ ወደዚያ ቢሮ አይገባም። ጋሼ ሰሌዳ ሲያጠፉ ምን እንደሚሆኑ ያውቃል። ዛሬ ጠዋት እናንተ እዚህ ስትሰበሰቡ ባልደረባዬ ቢሮዎን ፈትሿል። አዲሷ ፓፍ የፋርማሲው ወረቀት እንደተለጠፈባት ከመዝገበ ቃላቱ ጀርባ ተገኝታለች።»

ቢጫውን ፖስታ ከፍታ ሁለት ጽሑፎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋች። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት መስመሮች በእርሳስ ተሰምሮባቸዋል።

«ይህ የሰማይ ረቂቅ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት የተጻፈ። ያኛው በሚቀጥለው ወር ሊጸድቅልዎት የነበረው የዶክትሬት ጽሑፍዎ ሦስተኛ ምዕራፍ ነው። ጋሼ መጀመሪያ ልጁን ነበር የጠረጠሩት። ኋላ ቀኖቹን አመሳከሩ። ማክሰኞ ዕለት ነገሩዎት። አይደለም?»

የሎጂክ መምህሩ ጽሑፎቹን አላያቸውም። የሚያየው በሩን ነበር።

«ራስህ ተናገር አሉኝ» አለ። «እስከ አርብ ጊዜ ሰጡኝ። አላዋርድህም፣ አንተው ለልጁም ለፋኩልቲውም ንገር አሉ። አስራ አምስት ዓመት የደከምኩበት ነው።»

«ስንት ደቂቃ ያዙት?»

«አላውቅም። ሃያ ይሆናል። መጀመሪያ በኃይል ይጎትቱ ነበር። ከዚያ እየላላ ሄደ።» ዓይኑን ከበሩ አላነሳም። «ከዚያ ጠሩኝ።»

«ማንን? እርስዎን?»

«በስሜ። ‹ልጄ፣ ወዲህ ና፣ በሩ እምቢ አለኝ› አሉ። ቢሮዬ ያለሁ መስሏቸው ነው። የያዝኩት እኔ መሆኔን አላወቁም። እንድረዳቸው ነበር የሚጠሩኝ።»

ዳኛዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እትዬ ከመቀመጫቸው ተነሱና የሚሄዱበት ሳይኖራቸው እንደገና ተቀመጡ። ፖሊሶቹ ከሰማይ አጠገብ ተነስተው ወደ መምህሩ ሄዱ፤ እሱም እጁን ሳይጠየቅ ዘረጋ።

ሁሉም ከወጣ በኋላ ሰማይና ከኋላ ተቀምጣ የነበረችው የሟቹ ልጅ እዚያው ቀሩ። እሷም ከቦርሳዋ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችው።

«ይህም ፖስታው ውስጥ ነበር፤ ኢንስፔክተሯ መለሰችልኝ። ላንተ ነው የጻፈው።»

ቆሞ አነበበው። አጭር ነው። ጽሑፉ ያንተ ነው፣ በስህተት ጠርጥሬሃለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ ይላል፤ ከታች ፊርማና ቀን አለው። ቀኑ ማክሰኞ ነው።

«እኔ ረቡዕ ጠዋት ነው የጮህኩባቸው» አለ ልጁ። «ለምን ያኔውኑ አልሰጡኝም?»

«አርብ እስኪደርስ ሊጠብቅ ነው። ለዚያ ሰው ቃል ገብቶለት ነበር።»

ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፈና ኪሱ ሊከተው ሞከረ። እጁ ግን ኪሱን አላገኘውም፤ ደጋግሞ ሞከረ፣ አላገኘውም። በመጨረሻ ልጅቷ ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ ራሷ ከተተችለት።