ገብስሜ እና እሾህ ያልሆነው እሾህ

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። ሳወራ ባፍር ግን እንዳትስቁብኝ።

እኛ ቤት አንድ አውራ ዶሮ አለ። እግሮቹ ላይ፣ ከኋላ በኩል፣ ሁለት ሹል ጥፍሮች አሉት።

ጥፍሮቹ ሲረዝሙ ልጄ ሜላት በፎጣ ጠቅልላ ታቅፈዋለች። እኔ ጫፋቸውን በሞረድ አዶለዱማለሁ። ሽክ ሽክ! ሽክ ሽክ!

ከመጀመሬ በፊት ግን ሁልጊዜ «ይቅርታ» እለዋለሁ።

ትናንት ሜላት፣ «እማ፣ ምንም አላደረግሽውም እኮ! ለምንድን ነው ይቅርታ የምትዪው?» አለችኝ።

ፊቴ ጋለ። «ለእሱ አይደለም» አልኳት። «ለገብስሜ ነው።»

ገብስሜ የልጅነቴ አውራ ዶሮ ነበር። ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ላባ ነበረው።

ጠዋት ጠዋት «ኩኩሉ!» ይላል። ከዚያ እየሮጠ መጥቶ ከመዳፌ ላይ ስንዴ ይለቅማል። ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ!

አንድ ቀን ገብስሜ ዘሎ የታናሽ ወንድሜን የይትባረክን እግር ወጋው። ይትባረክ «ዋይ! ዋይ!» ብሎ አለቀሰ።

አባዬ ተቆጣ። «ይሄ ዶሮ ዳግመኛ ሰው ከወጋ ድስት ውስጥ ነው የሚገባው!»

ደነገጥኩ። ሮጬ የገብስሜን እግር አየሁ።

«ለካ እሾህ ወግቶት ነው!» አልኩ። «አሞት ነው የሚቆጣው።»

እኔን እሾህ ሲወጋኝ እማዬ በወረንጦ ታወጣልኝ ነበር። የገብስሜ እሾህ ግን ትልቅ ነው። ስለዚህ የአባዬን ጉጠት አመጣሁ።

«አይዞህ ገብስሜ፣ አሁን ይወጣልሃል።» ያዝኩ። ሳብኩ። ቋ!

እሾህ አልነበረም። የራሱ ጥፍር ነበር።

ደም ፈሰሰ። ገብስሜ እያነከሰ ሸሸኝ። እኔም ጉጠቱን ደበቅኩ።

«ውይ! ማነው እንዲህ ያደረገው?» አለች እማዬ።
እኔ? ዝም።

«ድመቷ ትሆናለች» አለ አባዬ።
እኔ? ዝም።

ድመታችን ውሮ ከቤት ተባረረች። ዝናብ ዘነበ። ውሮ በሩ ላይ «ሚያው!» አለች።
እኔ? ዝም።

በማግስቱ የእንስሳት ሐኪሟ እትዬ ዘርትሁን መጣች። ቁስሉን አጥባ መድኃኒት ቀባችው።

ከዚያ ገብስሜን በፎጣ ጠቀለለችው፤ ዐይኑንም ሸፈን አደረገችለት። ገብስሜ ረጋ አለ።

የሌላኛውን እግር ጥፍር በሞረድ ቀስ አድርጋ አዶለዶመችው። ጫፉን ብቻ። ሽክ ሽክ! ሽክ ሽክ!

«እትዬ፣ ለምን አይነቀልም?» አልኩ በቀስታ።

«ያንቺስ ጥፍር ቢነቀል?» አለችኝ። «ውስጡ ደም አለ፤ ያመዋል። ጫፉ ከዶለዶመ ግን ማንንም አይወጋም።»

ጣቶቼን ከኋላዬ ደበቅኩ። ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ።
እኔ? ዝም።

ገብስሜ ዳነ። ድስት ውስጥም አልገባም።

ከእማዬ መዳፍ ይለቅማል። ጠቅ! ከይትባረክ መዳፍም ይለቅማል። ጠቅ!

እኔ መዳፌን ስዘረጋ ግን ይሸሻል። በየጠዋቱ እዘረጋ ነበር። አንድም ቀን አልመጣም።

«ውሮስ?» አለች ታሪኩን ስትሰማ የቆየችው ሜላት፣ ዐይኗ እንባ ሞልቶ።

«ማንም ሳያየኝ በሩን ከፈትኩላት። እሷ እንዳልሆነች ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።»

ሜላት ትንሽ አሰበች። ከዚያ ስልኬን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ለአያቴ ንገሪያት።»

ደወልኩላት። «ሃሎ፣ እማዬ… ድመቷ አልነበረችም። እኔ ነበርኩ።»



«አይ፣ ምስኪን ውሮ!» አለች እማዬ። ቀጥላም፣ «አንቺስ ብትሆኚ፣ የኔ ልጅ! ይህን ሁሉ ዓመት ምስጢሩን ብቻሽን ያዝሽው?» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት አውራ ዶሯችን «ኩኩሉ!» አለ። ሜላት መዳፌ ላይ ስንዴ አፈሰሰችልኝ።

እየሮጠ መጣ። ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ!

ሜላት እጄን ከሥር ደግፋ ያዘችልኝ።

እኔ? ዝም አላልኩም።

«ይቅርታ፣ ገብስሜ» አልኩ፤ ሰው ሁሉ እስኪሰማ፣ ጮክ ብዬ።