ከፍሊት መርጫ የወጣ ቀሚስ

«እንዳትነቃነቂ» አለች ሰፍያ፣ የፍሊት መርጫውን እጀታ እየገፋች።

አዛለች በውስጥ ቀሚሷ ብቻ ሆና ከነሰፍያ ጓሮ ቆማለች። መርጫው ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ ሰማያዊ ቀለም የተበጠበጠበት ቀጭን ቡላ ተሞልቷል። ሰፍያ ትረጭና የተባዘተ ጥጥ በስሱ ትለጥፋለች፤ ከዚያ እላዩ ላይ ደግማ ትረጫለች።

የልብስ ሰፊ ልጅ ሆና መርፌ አትወድም። አባቷ ከማሉ የሸሚዝ ኮሌታ የሚያደርቀው በቡላ ነው። ቡላ ኮሌታ ካቆመ፣ ጥጥ ይዞ ቀሚስ የማይሆንበት ምክንያት አልታያትም። «መስፋት ድሮ ቀረ፤ ሰው ተረጭቶ ይለብሳል» እያለች ሳምንቱን ሙሉ ጉራዋን ስትነዛ ከረመች።

ነገ ቅዳሜ የወላጆች በዓል ነው። ከስምንተኛ ክፍል አንደኛ የወጣችው አዛለች ከአውራጃው ገዥ እጅ ሽልማት ትቀበላለች። ዩኒፎርም ያልለበሰ ተማሪ ግን የትምህርት ቤቱን በር አያልፍም፣ መድረክም አይወጣም፤ የእሷ ደግሞ ብብቱ ተተርትሮ፣ ጨርቁም ሳስቶ መርፌ አልይዝ ብሏል። ቡኢ ከተማ ያለችው አክስቷ «የልጄን ልላክልሽ» ብላት ነበር። «ተይው፣ ሰፍያ ትሠራልኛለች» ብላ መለሰችላት።

ፀሐዩ ሲያደርቀው እውነትም ቀሚስ መሰለ።

«እንዴ፣ የምር ሆነ እኮ» ብላ አዛለች እየሳቀች ክንዷን ስታነሳ ብብቷ ሥር ቀጭ አለ። ጎንበስ ስትል ጀርባው እንደ ደረቀ ቆጮ ተሰነጠቀ፤ ቅርፊቱም እግሯ ሥር ረገፈ።

«ትንሽ ዘይት ብንጨምርበት...» አለች ሰፍያ ዓይኗን ሰብራ።

«ሰፍዬ፣ ከዚህ በፊት ሞክረሽው ነበር?»

ሞክራዋለች። ማክሰኞ እንስራ ላይ ረጭታ ሲሰነጠቅ አይታ፣ ቅርፊቱን ለቃቅማ አጥሩ ሥር ቀብራዋለች። ሰው ላይ ሲሆን ይይዛል ብላ ራሷን አታለለች። አሁንም «አልሞከርኩም» ማለት ትችል ነበር።

«እንስራ ላይ ሞክሬው ነበር። ተሰነጠቀ።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

አዛለች ጥጡን ከክንዷ ላይ መላጥ ጀመረች። «ማክሰኞ ብትነግሪኝ ኖሮ አክስቴ ጋ መልእክት እልክ ነበር። ሐሙስ በመኪና ይደርስልኝ ነበር» አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ታጥባ፣ የተተረተረውን ለብሳ ሄደች።

ሰፍያ ከጓሮው ብቻዋን ቀረች። «ተሰነጠቀ» የምትል አንዲት ቃል ነበረች እኮ፤ ጉራዋ ባዶ እንዳይቀር ብላ ዋጠቻት። ዛሬ ብትተፋትስ ለማን ጠቀመች? ቤት ገባችና የራሷን ዩኒፎርም ከሳጥን አውጥታ ወደ በረንዳው ወጣች።

«አባ፣ ምላጭ አለ?»

«ምን ልትቆርጪ?»

«የዩኒፎርሜን የታጠፈ ጫፍ ልፈታው። አዛለች በስንዝር ትረዝመኛለች።»

ከማሉ ስፌቱን አቆመ። «ነገ አንቺስ ምን ልትለብሺ?»

«እኔ አልገባም። ስሟ ሲጠራ ከአጥር ውጭም ይሰማል።»

አባቷ እጁን ዘረጋ። «አምጪው፣ በስፌት መኪናው ቶሎ ልጨርስልሽ።»

«አይ፣ በእጄ እሰፋዋለሁ» አለች።

አጠገቡ ተቀምጣ የድሮውን ስፌት ፈታች። ከዚያ ክሩን በምራቋ አርሳ የመርፌውን ቀዳዳ መፈለግ ጀመረች። ሦስት ጊዜ ሳተችው።