ውሻዬን ውሰዱልኝ

የውሾች መጠለያው መሥራች ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ሞታ ተገኘች። እግሯ ሥር የማደንዘዣ መርፌ ወድቋል፤ ኮምፒውተሯ ላይ የመጠለያው ድረ ገጽ ተከፍቷል። ትናንት አመሻሽ የወጣው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ብቸኝነት አደከመኝ። ውሻዬን ውሰዱልኝ። ክብደቷ አሥራ ስምንት ኪሎ፤ ክትባቷ የተሟላ፤ ጠባይዋ ገር።»

«ያው ብቻዋን ነበረች» አለ የመጠለያው የእንስሳት ሐኪም። «ሆድ ሲብስ ሰው ምን የማያደርገው አለ?»

ነገሩ ለመርማሪዋ አልዋጥ አላት። እሷም ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ብቻውን የሚኖር ሁሉ ሞቱን የሚናፍቅ የሚመስላቸው ሰዎች ያናድዷታል።

ድረ ገጹን የምትሠራውን ወጣት ጠራቻት።

«ከሟቿ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«ድረ ገጹ ላይ ምን ይውጣ በሚለው ዘወትር እንጨቃጨቃለን። እኔ ፎቶ ይቅደም እላለሁ፤ እትዬ የውሻው መጥፎ አመል ይቅደም ባይ ናቸው። ‹ደብቀን ብንሰጠው ነገ ይመልሱታል› ይላሉ። ሰሞኑን ደግሞ የሞቱት ውሾች ከነምክንያታቸው ይውጡ ብለው ድርቅ አሉ።»

«የይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል?»

«ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሁላችንም።»

መርማሪዋ ወደ ሽማግሌው ዘበኛ ዞረች። «ጋሼ፣ የሟቿ ውሻ ገር ናት?»

ሽማግሌው ጠባሳ ያለበት እጁን ዘረጋ። «ይቺ? ሁለቴ ነክሳኛለች። ቁስሉን እትዬ ራሳቸው ናቸው ያሰሩልኝ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ገር ናት ብለው ጻፉ?»

መርማሪዋ የሞቱትን ውሾች የሕክምና ካርዶች አስወጥታ አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ይህን እሷ አልጻፈችውም። መጥፎ አመል የምታስቀድም ሴት የገዛ ውሻዋን ንክሻ አትደብቅም። ይቺ ልጅ ብትሆን ፎቶ ባስቀደመች፤ ፎቶ የለም። ጋሼ ፊደል አልቆጠሩም። መጀመሪያ ክብደት፣ ቀጥሎ ክትባት፤ ይህ የካርድ አሞላል ነው። ካርዱን የሚሞላው ማነው፣ ዶክተር?»

ሐኪሙ ካርዶቹን ወደ ራሱ ሳበ።

«የሞቱት ሰባት ውሾች የተወጉት ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ነው። የሞታቸው ምክንያት ድረ ገጹ ላይ ቢወጣ ፈቃድዎ ይነጠቅ ነበር።»

«ለምኛት ነበር» አለ ሐኪሙ። «እምቢ አለች። ዘመድ የላትም፤ ማን ይጠይቅላታል ብዬ ነው።»

«እኔ ጠየቅሁላት።»

ሐኪሙን ፖሊሶች ወሰዱት። የቀሩት ስለ ቀብሩ ተነጋገሩ። ዘበኛው ማን ማን እንደሚመጣ በጣቱ ቆጠረ፤ ከመርማሪዋ ጋር ሦስት ሆኑ።