በሐጂ አደም መጋዘን ያነሳኋት ሸረሪት

እኔ ጂኒ፣ መንፈስ የሚባል ነገር አምኜ አላውቅም፣ ሥራዬም አይፈቅድልኝም፣ በጃንሆይ ጊዜ ነገሌ ቦረና ጦር ሰፈር ውስጥ የወታደር መታወቂያ ፎቶ የማነሳ ሰው ነበርኩ። አንድ ቀን የሰፈሩ ሐኪም፣ ወታደሩን እየነደፉ ያስቸገሩትን ሸረሪቶችና ጊንጦች በቅርብ አንሳልኝ አለኝና ካሜራው ላይ የሚገጠም ቀለበት ሰጠኝ፣ እሱን ስትገጥም ከስንዝር ያላለፈውን ብቻ አጥርቶ ያነሳልሃል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጭጋግ ነው፣ ይህን ልብ በልልኝ።

ትልቋን ሸረሪት ያገኘኋት በሐጂ አደም መጋዘን ነው፣ ሐጂ ገበያው ውስጥ ጨርቅና ስኳር የሚነግዱ ሽማግሌ ናቸው፣ ባለቤታቸው ፋጡማ ከሞቱ ዓመት አልሞላም። "አካም፣ ናጋ?" ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው መጋዘኑን ከፈቱልኝና ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ሸረሪቷ መስኮቱ ጥግ ድሯን ዘርግታለች፣ ከኋላዋ ባዶ የጭቃ ግድግዳ ነው፣ እመነኝ፣ በእጄ ዳስሼዋለሁ። በቀትር ብርሃን አንድ ፊልም ጨረስኩ።

አጥቤ ወረቀት ላይ ሳወጣው፣ ከሸረሪቷ ኋላ፣ ጭጋጉ ውስጥ፣ ነጭ ሻሽ ያደረገች ሴት ቆማለች። ፊልሙ ላይ ሌላ ፎቶ ተደርቦበት ይሆናል ብዬ፣ ለጨዋታ ያህል ለሐጂ አሳየኋቸው። አልሳቁም።

"ፋጡማ ናት" አሉ፣ "ስትቆም ወደ ግራ ዘንበል ትላለች። ከየት አመጣኸው? በሕይወቷ ፎቶ ተነስታ አታውቅም።"

"ሐጂ፣ እኔ ያነሳሁት ሸረሪትና ግድግዳ ነው።"

"እንግዲያው ነገ ድገመው፣ ልጄ።"

ደገምኩት፣ በአዲስ ፊልም፣ ያው ቦታ፣ ያችው ሸረሪት። እያነሳሁ ሳለ ከፊቴ የጨርቅ ኮሽታ ሰማሁ፣ ጆንያ ውስጥ የገባ አይጥ ነው አልኩ። ፎቶው ሲወጣ ግን ሴትየዋ ጭጋጉ ውስጥ አልነበረችም፣ የሻሿ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ የሸረሪቷ ድር ትከሻዋ ላይ ታስሯል። ገባህ? እንዲያ ጠርታ የምትታየው ትንፋሼ የሚደርስበት ቦታ ላይ ቆማ ከነበረ ብቻ ነው።

ሐጂ እንባቸው ጢማቸውን እያራሰው ለሦስተኛ ጊዜ እንዳነሳ ለመኑኝ፣ እምቢ አልኩ። በወሩ ወደ ያቤሎ መዛወር ጠየቅሁ። ልሰናበታቸው ስሄድ ሳይቆጡ፣ "ወደ እኔ እየመጣች ነበር" አሉኝ፣ "መንገድ ላይ አስቀረሃት።"

እሳቸው እንዲህ ይበሉ እንጂ፣ ሁለቱንም ጊዜ እሳቸው ሱቅ ነበሩ፣ መጋዘኑ ውስጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።