ሰባቱ ጠርሙሶች

ፋርማሲስቱ የተገኘው ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ፣ መነጽሩ ባንድ ጆሮው ተንጠልጥሎ ነው። በሩን ከፍታ የገባችው ዋና ነርስ እንቅልፍ የጣለው መስሏት «ኧረ ተነስ፣ እንግዳዋ መጥታለች!» ብላ ትከሻውን ነካ አደረገችው። ክንዱ ከጠረጴዛው ተንሸራቶ ወደ ታች ተንጠለጠለ።

እንግዳዋ የምርምሩን ወጪ የሚሸፍነው ድርጅት ተወካይ ነበረች። ፋርማሲስቱ በዋዜማው ደውሎ፣ «ለብቻችን አሥር ደቂቃ ብቻ ስጪኝ» ብሏት ነበር። አሥሯን ደቂቃ ሳያገኝ ሞተ።

የተላከችው መርማሪ ጸጉሯ የሸበተ፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ባልደረቦቿ «እሜቴ ለምን» ይሏታል፤ ሰውን ሦስት ጊዜ «ለምን» ካለችው አራተኛውን ራሱ ይናገራል እያሉም ይቀልዱባታል።

ከሰዓት በኋላ የአስከሬን ሐኪሙ ውጤቱን ነገራት። «የሟቹ የሻይ ፔርሙዝ ግርጌ ላይ ነጭ ዝቃጭ አለ። እዚሁ የሚሞከረው የልብ መድኃኒት ነው። በልኩ ሲወሰድ ልብ ያረጋጋል፤ ሲበዛ ያቆማል።»

«ስንት ክኒን ይበቃል?»

«አምሳም ስድሳም። ያውም በደንብ ተፈጭቶ።»

መርማሪዋ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ተመለሰች። መደርደሪያው ላይ የሕመምተኞቹ ጠርሙሶች ቁጥር ብቻ ተለጥፎባቸው ተሰልፈዋል። እየከፈተች አንድ በአንድ ቆጠረች። ሰባቱ ጎድለው ተገኙ፤ ከእያንዳንዳቸው አሥር ክኒን ተወስዷል። በሟቹ መሳቢያ ውስጥ ደግሞ በእጁ የጻፈው ቁራጭ ወረቀት አገኘች። በግራ በኩል 31፣ 28፣ 36፣ 40፤ በቀኝ በኩል 66፣ 71፣ 59፣ 68። ሌላ አንድም ቃል የለበትም።

ከሟቹ ሌላ የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ዋና ነርሷ፣ ምርምሩን የሚመሩት ፕሮፌሰርና ምክትላቸው። በዚያን ጠዋት ሦስቱም ፔርሙዙ በተቀመጠበት ኮሪደር አልፈዋል።

መጀመሪያ ነርሷን አነጋገረች።

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«አልዋሽዎትም፣ ጮኼበታለሁ» አለች ነርሷ፣ መሐረቧን እየጨመቀች። «ወንድሜ እዚህ ታካሚ ነው። ዕጣ ጥለው ግማሹን ሕመምተኛ እውነተኛውን መድኃኒት ይሰጡታል፤ ግማሹን መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ፣ መድኃኒት የሌለበት የዱቄት ክኒን። ወንድሜ የቱ እንደደረሰው ንገረኝ ብዬ ስምንት ወር ለመንኩት። ድንጋይ! ትናንት ቢጨንቀኝ ‹የወንድሜ ደም በእጅህ ነው› አልኩት።»

«ማን ማን ምን እንደሚወስድ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው?»

«ከኛ ውስጥ እሱ ብቻ። ዝርዝሩን ቆልፎ ነው የሚይዘው።»

ፕሮፌሰሩ ግን መሐረብ አላስፈለጋቸውም። ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ተናገሩ። «ሰውየው ቅን ነበር። ዕጣውን ግን እጠላዋለሁ፤ ለሁሉም ተናግሬያለሁ። አርባ ዓመት ሐኪም ነኝ። መድኃኒት ሲሠራ ዓይኔ ያያል! ለሚሰምጥ ሰው ገመድ ለመወርወር ዕጣ ይጣላል እንዴ? ለድርጅቱም ጽፌያለሁ፤ ሙከራው ይቅር፣ ገንዘቡ ለሁሉም መድኃኒት ይግዛ ብዬ።»

«ለምን እርግጠኛ ሆኑ?»

«የዳኑትን በስም ጠርቼ ጽፌያለሁ። ያንብቡት።»

ሦስተኛው ምክትላቸው ነበር፤ ረጋ ያለ፣ ቃሉን የሚመዝን ሰው። «ፕሮፌሰሩ ይሳሳታሉ» አለ። «ያለ ዕጣ ራሳችንን እናታልላለን። አዲስ ሕመምተኛ መርጬ የምመዘግበው እኔ ነኝ። ከመዘገብኩ በኋላ ሟቹ መጥቶ ተራውን የያዘውን ፖስታ ይከፍታል፤ ፖስታው እንዳለው ጠርሙስ ይሰጣል። የማን ዕጣ ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።»

«ፖስታዎቹ የት ይቀመጣሉ?»

«እዚሁ እኔ ክፍል። ታሽገው ነው ታዲያ።»

መርማሪዋ ክፍሉን ቃኘች። ግድግዳው ላይ የራጅ ፊልም የሚታይበት የመብራት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ገና ያልተከፈተ ፖስታ አንስታ ክብደቱን የምትመዝን ይመስል በእጇ አገላበጠችው። ወረቀቱ ስስ ነበር። መልሳ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ሁሉንም በስብሰባ አዳራሹ ሰበሰበቻቸው። ተወካይዋ ከድርጅቱ ካዝና የምስጢር ዝርዝሩን ቅጂ ይዛ መጥታ ነበር።

«ከጠርሙሶቹ ልጀምር» አለች መርማሪዋ። «ገዳዩ ከሰባት ጠርሙሶች ክኒን ወስዷል። እንግዲህ እዚህ ካሉት ጠርሙሶች ግማሾቹ ዱቄት ናቸው። ተወካይዋ፣ ከሰባቱ ስንቱ እውነተኛ መድኃኒት ነው?»

«ሰባቱም።»

መርማሪዋ ከኪሷ ሳንቲም አወጣች።

«አንድ ሳንቲም ሰባት ጊዜ ወርውሬ ሰባቴም ባንድ ፊቱ ቢወድቅ፣ ዕድል ነው ትሉኛላችሁ? እኔ ሳንቲሙን ነው የማገላብጠው። ገዳዩ ማንም አያውቀውም የተባለውን ምስጢር ያውቅ ነበር። ስለዚህ ‹ማን ተጣላው?› የሚለውን ትቼ ‹ማን ያውቃል?› አልኩ።»

ወደ ነርሷ ዞረች። «የወንድምሽ ጠርሙስ የዱቄት ነው።»

ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች።

«ቁልፍ አለሽ። ምስጢሩን ብታውቂ ኖሮ ስምንት ወር ሙሉ ዱቄት ሲውጥ ዝም ብለሽ ታዪዋለሽ? አታውቂም ነበር። አንቺ አይደለሽም።»

ቀጥላ ደብዳቤውን አነሳች። «ፕሮፌሰር፣ ‹በመድኃኒቴ የዳኑ› ብለው አምስት ሰዎች ጠቅሰዋል። ዝርዝሩን አየሁት። ሦስቱ የወሰዱት ዱቄት ነው። ከነሱም አንዱ፣ ‹ደረጃ መውጣት የተሳነው ዛሬ ሦስት ፎቅ ይወጣል› ያሉለት፣ የሲስተር ወንድም ነው።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ደብዳቤውን ተቀበሏት። የራሳቸውን ጽሕፈት የሌላ ሰው ይመስል አፍጥጠው አዩት። «በዓይኔ ... በዓይኔ እኮ ነው ያየሁት» አሉ።

«ምስጢሩን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፎ ራሱን አያዋርድም። እርስዎም አይደሉም።»

ምክትሉ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሌሎቹ ስላልሆኑ ብቻ የቀረውን ሰው ወንጀለኛ ማድረግ ይቻላል?»

«አይቻልም። ስለዚህ ሟቹን ጠየቅኩት።» ቁራጯን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «እነዚህ ቁጥሮች ዕድሜ ናቸው። ከመዝገቡ ጋር አስተያየኋቸው። በግራ ያሉት መድኃኒቱ የደረሳቸው ናቸው፤ ወጣቶች። በቀኝ ያሉት ዱቄቱ የደረሳቸው፤ አዛውንቶች። ዕጣ ዕድሜ አይመርጥም። የሚመርጥ ሰው ነው። ቀጣዩ ፖስታ ‹መድኃኒት› ሲል ጠንካራውን ያስገባል፤ ‹ዱቄት› ሲል ደካማውን፤ መድኃኒቱ የሠራ እንዲመስል። ሟቹ ምን ጠርሙስ ለማን እንደሰጠም አጠገቡ ቆሞ ያያል። መዝጋቢው ማን ነበር?»

ሁሉም ወደ ምክትሉ ዞሩ።

«ዛሬ ጠዋት አንዱን ፖስታ ራጅ ማያው መብራት ላይ ለጠፍኩት። ጽሑፉ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ፋርማሲስቱ ይህን ደረሰበት። ቅን ሰው ነውና አስቀድሞ ላንተ ነገረህ፤ ‹ራስህ ተናገር፣ አለዚያ ነገ እኔ እናገራለሁ› አለህ። አይደለም?»

እስከዚያች ሰዓት «እርስዎ» ስትለው የቆየችው ሴት «አንተ» ስትለው የምክትሉ ፊት ተለወጠ።

«መድኃኒቱ ይሠራል!» አለ ድንገት። «ዘጠኝ ዓመት ለፋሁበት! ሙከራው ሳይሳካ ቢቀር ድርጅቱ ይዘጋዋል፤ ስንት ሰው የሚያድን ነገር መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። እኔ ትንሽ ረዳሁት እንጂ...»

«የሚሠራ ከሆነ መርዳት ለምን አስፈለገ?»

ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ይዘውት ሲወጡ ፕሮፌሰሩ ቀና ብለው አላዩትም።

«እንግዲያው ንገሩኝ» አሉ በመጨረሻ። «መድኃኒቴ ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

ተወካይዋ ዝርዝሩን አጣጠፈች። «አሁን ማንም አያውቅም፣ ጋሼ። የሁለት ዓመቱ ድካም ተበላሽቷል። ድርጅቱ የሚቀጥል ከሆነ ከዜሮ ነው።»

ሽማግሌው ደብዳቤውን ለሁለት ቀደዱት። «ከዜሮ ይሁን» አሉ። «በዕጣ።»

ነርሷ ወደ ወንድሟ ክፍል ስትገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሁሉንም ነገረችው።

«ዱቄት?» አለ። «ስምንት ወር ሙሉ?»

«ስምንት ወር ሙሉ።»

«ታዲያ ያንን ሁሉ ደረጃ ማን አወጣኝ?»

«እኔ እንጃ፣ ወንድምዓለም።» አጠገቡ ተቀመጠችና ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። «ያን ምስኪን ግን ሰደብኩት። ያንተን ጠርሙስ እያወቀ፣ እኔ ስጮህበት አንዲት ቃል አልመለሰም። ብነግራት ትተወኛለች ሳይል ... ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኩትም።»

ወንድሟ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ከአልጋው ሥር ሳበ።

«ቀብሩ መቼ ነው?»

«ነገ አምስት ሰዓት።»

«አብረን እንሄዳለን» አላት።